አንድ ሙሉ ደቂቃ

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ ውድ ነርሶች፣ ሬዚደንቶች፣ ኢንተርኖችና ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ? አካም ጅርቱ?

ስላከበራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ጅማ ስገባ ሻንጣዬን እንዳስቀመጥኩ በቀጥታ ወደ ሕርማታ ገበያ ሄድኩ። ያደግኩበትን ሽታ ፈልጌ ነው። ቡና፣ የእንጨት ጪስ፣ ዝናብ የነካው ቀይ አፈር። ሦስቱም ነበሩ። ወደ ጪሱ በኋላ እመለሳለሁ።

እንድናገር የተጠየቅኩት አሜሪካ ስለምመራው ክፍል ነው። የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስብሰባው፣ በጀቱ፣ የዱቲ ድልድሉ ብዙ ነው። እሱን ማንም አለቃ ያውቀዋል፤ ልዝለለው። እኔ ማውራት የምፈልገው ትንፋሽ ስለ መቁጠር ነው።

ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ተነስቶ፣ ሲገኝ በጭነት መኪና፣ ሲታጣ በእግሩ፣ ጅማ ገባ። ሳል ይዞ ነበር የመጣው። ብዙም ሳይቆይ ቡና መፈልፈያ ተቀጠረ። ማታ ሲገባ ቅንድቡና የጆሮው ጠርዝ በገለባ ብናኝ ግራጫ ሆኖ አየው ነበር። እናቴ በረንዳ ላይ በርጩማ ታወጣለታለች። እሱ ቁጭ ይልና ሁለቱን ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስለት ዝም ይላል። እኛ ልጆቹ እስኪናገር እንጠብቃለን። ክረምት ሲመጣ ዝምታው ይረዝማል።

ሐኪም ቤት ብዙ ተመላልሷል። የሳል ሽሮፕ ሰጡት፣ መርፌ ወጉት፣ የቲቢ መድኃኒት ጀመረና ጨረሰ። "ድነሃል" ተባለ። የት ዘመትክ? ምን ስትተነፍስ ኖርክ? አሁንስ ሥራህ ምንድን ነው? ያለው ሰው ግን አልነበረም። ክርን ጉልበት ላይ ተክሎ መቀመጥ በሕክምና የታወቀ የትንፋሽ እጥረት ምልክት መሆኑን ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ነው። ያን ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ከላይብረሪ ወጣሁ። ስለዚህ በኋላ የወታደሮች ሆስፒታል ሥራ ሲገኝ አላመነታሁም።

የእናንተም ሆስፒታል ታሪክ ከወታደር ይጀምራል። በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሲሠሩት ለራሳቸው ወታደሮች አስበው ነበር። የጅማ ገበሬና የጅማ እናት የታከሙበት በኋላ ነው።

ወደዚያኛው አገር ልመለስ። ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የሕክምና ሥርዓት ተመዝግበዋል። የቬትናም ዘማች አለ። በመርከብ ሲሠራ አስቤስቶስ የተነፈሰ ሽማግሌ አለ። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ገና ወጣት የሆኑም አሉ። በጣም ያስተማሩኝ እነዚህ ወጣቶች ናቸው። በብዙ የጦር ሰፈሮች ቆሻሻው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጣልና ነዳጅ ተርከፍክፎበት ይቃጠል ነበር። ፕላስቲኩ፣ ባትሪው፣ የሕክምና ቆሻሻው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጪሱ ደግሞ ሰዎቹ የሚተኙበት ድረስ ይመጣል።

አንድ ታካሚ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብሎ መጣ። 30 ዓመት ትንሽ ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ራጁ ንጹሕ። የትንፋሽ ምርመራውም ይህ ነው የሚባል ችግር የለበትም። ከእኔ በፊት ያዩት "ጭንቀት ነው" ብለው መልሰውታል። እኔ "የምትተኛበት ድንኳን ከጉድጓዱ ምን ያህል ይርቅ ነበር?" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነሳና ወለሉን በእርምጃ ይለካልኝ ጀመር። በሩ ጋ ሲደርስ ኮሪደሩን በጣቱ እያሳየ "እዚያ ጥግ ድረስ" አለኝ። በኋላ ከሳንባው ናሙና ሲወሰድ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ጠበው ተገኙ። ራጅ የማያሳየው በሽታ ነው። ፍንጩ የተገኘው በእርምጃው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ጉዳይ ላይ ሕግ ወጣ። ሕጉ ኢራቅ ዘምቶ በ2020 በሳንባ ካንሰር በሞተው በሳጅን ሂዝ ሮቢንሰን ስም ተሰይሟል። ከዚያ ወዲህ በሥርዓቱ የተመዘገበ የቀድሞ ወታደር ሁሉ ቢያንስ በ5 ዓመት አንዴ ለጎጂ ነገር ተጋልጦ እንደሆነ ይጠየቃል። አስቡት፤ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው ሕግ የወጣው። ለዚያም የታማሚዎቹና የሚስቶቻቸው የዓመታት ጩኸት አስፈልጓል።

አሁን በራሴ ስለደረሰው ልንገራችሁ።

ኃላፊ በሆንኩ ሰሞን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ነርሷ "ዶክተር፣ የ12 ቁጥሩ ሰው አተነፋፈሱ አላማረኝም" አለችኝ። "ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?" አልኩ፤ የደሙን የኦክስጅን መጠን ማለቴ ነው። "94።" "ቻርቱ ላይ ትንፋሹስ?" "20።" "እንግዲያው ጥሩ ነው፤ ጠዋት አየዋለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ጠዋት ስገባ ሰውዬው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ። ልክ እንደ አባቴ። ሰዓቴን አይቼ ቆጠርኩ። 34። ቻርቱን ገለጥኩት። 20፣ 20፣ 20፣ ሌሊቱን በሙሉ 20። ማንም ቁጭ ብሎ አልቆጠረም። እኔም ቁጠሩ አላልኩም። በዚያኑ ቀን ቱቦ ገባለት፣ ቬንቲሌተር ላይ ሆነ። በአራተኛው ቀን አረፈ። ለሚስቱና ለልጁ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ስልኩንም ጭምር። ለነርሷም በሥራ ባልደረቦቿ ፊት "ልክ ነበርሽ" አልኳት። ይህን ሳልናገር ስለ መሪነት ባወራላችሁ ዋሽቻችኋለሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የቀየርኩት ብዙ አይደለም። ሌሊት ስንደዋወል የመጀመሪያው ጥያቄ "ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?" መሆኑ ቀረ። "ስንት ቆጠራችሁ?" ሆነ። አንድ ሙሉ ደቂቃ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የለም። እና ነርስ "አላማረኝም" ካለ ወይም ካለች ሐኪሙ ተነስቶ ይመጣል፣ ምክንያት አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ። ከወር በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ወጣት ሬዚደንት ደወለልኝና ሰላም እንኳ ሳይለኝ "28 ቆጠርኩ፣ እየመጡ ነው?" አለኝ። ደስ ብሎኝ ተነሳሁ።

እዚህ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፣ ግን ልድገመው። የትልቅ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። 30 ከደረሰ ሰውየው አደጋ ላይ ነው፣ ሞኒተሩ ምንም ይበል። ስትቆጥሩ ደግሞ "ትንፋሽዎን ልቁጠር" አትበሉ፤ ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። የልብ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው እጁን ያዙ፣ ዓይናችሁን ግን ደረቱ ላይ አድርጉ። አንገቱ ላይ ያሉት ጡንቻዎች እየተሳቡ ነው? የአፍንጫው ክንፍ ይከፈታል? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ይጨርሳል?

በኦክሲሜትሩ ብቻ አትተማመኑ። ጣት ላይ የምንሰካው ይህ ትንሽ መሣሪያ በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ኦክስጅን ያነሰው ሕሙማን በጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆኑ አሳየ። ይህ እኛን ይመለከታል። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የጤነኛው ሰው ቁጥር ራሱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላል። የእኛን ሰው ልክ የምናውቀው አጠገቡ ስንቀመጥ ነው።

"መሣሪያ የለንም" የሚለውን እሰማለሁ፤ እውነት ነው፣ ያማል። ሲሊንደር እስኪመጣ የጠበቃችሁባቸውን ሌሊቶች አውቃለሁ። ስለ ኦክስጅን ዝም በሉ አልልም፣ ጩኹ። ግን ይህ ሙያ በምን እንደ ተጀመረ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሀገን ውስጥ ፖሊዮ ሲገባ፣ በነበረው መሣሪያ ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሮ ላይ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት ጀመረ። ከረጢቱን ማን ይጭመቅ? ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች። በፈረቃ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት። ሞቱ ከግማሽ በታች ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ኢብሰን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከፈተ። እኔ ዛሬ የምመራው ዓይነት ክፍል የተወለደው እንደ እናንተ ባሉ ልጆች እጅ ነው።

ወደ ጪሱ ልመለስ ብዬ ነበር።

እናቴ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ካርዷ ላይ "አታጨስም" ተብሎ ነው የተጻፈው። ከ40 ዓመት በላይ ግን መስኮት በሌለው ኩሽና፣ ጉልቻው ላይ ጎንበስ ብላ እሳት እፍ ስትል ኖራለች። እርጥብ እንጨት ሲሆን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ዛሬ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሁለቴ ታርፋለች። "አታጨስም" የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ስለ ሳንባዋ ግን ምንም አይነግራችሁም።

እባካችሁ "ያጨሳሉ?" ብላችሁ አታቁሙ። "እማማ፣ በምንድን ነው የሚያበስሉት? ኩሽናው መስኮት አለው? ድሮስ?" በሏቸው። አባወራውን "ቡና መፈልፈያ ሠርተው ያውቃሉ? ዘምተው ያውቃሉ? የት?" በሉት። የቲቢ መድኃኒት ጨርሶ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው፣ አክታው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አታሰናብቱት። ጀርሙ ሞቶም ጠባሳው ይቀራል። እንደገና የቲቢ መድኃኒት መጀመርም መፍትሔው ላይሆን ይችላል። ስታናግሯቸውም በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን። ብዙዎቹ በኦሮምኛ ትንፋሽን ሀፉራ ነው የሚሉት። ቃሉ መንፈስም ማለት ነው። "ሀፉራዬ አጠረ" የሚል ሰው ምን ያህል እንደ ፈራ ከዚያ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ በቅናት ጭምር እነግራችኋለሁ። እኔ ታካሚዬ ስለ ኖረበት ቦታ የማውቀው እሱ ከነገረኝ ነው። የድንኳኑን ርቀት ያየሁት በሆስፒታል ወለል ላይ ተለክቶ ነው። እናንተ ግን ገና ተማሪ ሳላችሁ ቲቲፒ በሚባለው የቡድን ልምምድ ወደ ማኅበረሰቡ ትወጣላችሁ። የሰው ግቢ ገብታችሁ፣ የሰው ኩሽና ውስጥ ቆማችሁ ጪሱ የራሳችሁን ዓይን ያቃጥላችኋል። ይህን ዕድል እኔ አሁን በምሠራበት ቦታ በገንዘብ አላገኘውም። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ "ጪስ፣ መስኮት የለም" ብላችሁ የጻፋችሁትን ዋርድ ስትመለሱ አትርሱት። የሳንባ ሐኪም መሆን የምትፈልጉም፣ እንደ እኔ ባሕር መሻገር ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጥቁር አንበሳ ላይ ይህ ትምህርት ይሰጣል።

አባቴ ይህን ንግግር አልሰማም። እናቴ ግን ከኋላ ተቀምጣለች። እማዬ፣ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ስለ ወጣሽ አመሰግናለሁ።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከእናንተ ጋር ራውንድ እንድገባ ተፈቅዶልኛል። በሩ አጠገብ ካለው አልጋ እንጀምራለን። ቻርቱን ሳንገልጥ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለን፣ እጃቸውን ይዘን። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።