ቴም፦ የአያቴ በቅሎና ደባሪው ፊልም

ሰላም ቤተሰቦች! ዛሬም ከባህር ዳር፣ ከጣና ዳር ነኝ። ከኋላዬ የሚጮኸው የጀልባ ሞተር ነው፣ ቻሉት። የዛሬዋ የእንግሊዝኛ ቃል ቴም (tame) ናት። ታይም አላልኩም፣ ቲምም አላልኩም። ቴም!

ቴም ማለት የተገራ፣ ለማዳ ማለት ነው። አለቀ፣ ቻው። ኧረ የት ትሄዳላችሁ፣ በቅሎዋን መቼ አመጣኋት?

አያቴ መሸንቲ አካባቢ አንዲት በቅሎ ነበረችው። ገና ስትገዛ ሰው አታስጠጋም። ልጓም ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች፣ ከዚያ እርግጫ ነው። አያቴም ቸኩሎ አልወጣባትም። ኮርቻ ይጭንና፣ ኮርቻው ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጠፍሮ፣ የታረሰ ማሳ ውስጥ ሲያዞራት ይውላል። ትዘላለች፣ ጆንያው አይወርድም። ደግማ ትዘላለች፣ አይወርድም። በስንት ቀኗ አንገቷን ደፋች። ቴም ማድረግ ይኼ ነው! ግስም ይሆናል ማለት ነው፤ ሰዋስዉን ታውቁታላችሁ፣ እንለፈው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ቴም ማለት የቤት እንስሳ ማለት ነው» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሰዎች አላችሁ። አይደለም! እሱ ዶሜስቲክ ነው፣ የዘር ጉዳይ ነው። ቴም ግን የዚያች የአንዷ እንስሳ ጠባይ ነው። እዚህ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ ፔሊካኖቹ አንጀት ፍለጋ እግራቸው ሥር ይመጣሉ። ለምደዋል፣ ግን ማታ በረት የሚያስገባቸው የለም። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀበሮ ሲያረቡ፣ ሰው የማይፈሩትን ብቻ እየመረጡ አዋለዱ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ እንደ ውሻ ጅራት የሚቆሉ ግልገሎች መጡ። ወደ ዶሜስቲክ የሚወስደው መንገድ እንግዲህ እሱ ነው። በቅሎማ አትወልድም፣ ዘር የላትም፤ እያንዳንዷም ከሀ ተጀምሮ ትገራለች። አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ እናቴ ነው ያለችውን ታውቋት የለ?

ሁለተኛው ፍቺ ስድብ ቢጤ ነው። እንግሊዝ «ፊልሙ ቴም ነበር» ካለ ጨዋ ፊልም ነው ማለቱ አይደለም፣ ደባሪ ነው ማለቱ ነው። እኛ ሰውን ገራም ስንል እያመሰገንን ነው፣ እነሱ ጋ ይገለበጣል። ገራም እንጂ ገራሚ አይደለም በሉ፣ አትረሱትም። በዚህች እንኳ ሰብስክራይብ አድርጉኝ እንጂ!

ወንዝም ቴም ይደረጋል። አባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. የተሠራው ግድብ ውሃውን እየመጠነ ይለቃል። እዚያው አካባቢ ያሉትን ጉማሬዎች ግን የገራቸው የለም፣ ታንኳ ላይ ሆናችሁ ቪዲዮ ልቅረጽ እንዳትሉ።