ቅንድብ ላይ የሚፈረፈረው ምንድን ነው? የቆዳ ሐኪም ለአድማጮች የሰጡት መልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አድማጭ ስለ ቅንድብ መላላጥ መልእክት ከላኩ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ስለዚህ የዛሬውን የጥያቄና መልስ ሰዓት ለዚሁ ሰጥተነዋል። መሃል አዲስ አበባ ላይ የሚሠሩ የቆዳ ስፔሻሊስት ስቱዲዮ ገብተው፣ በስልክም በጽሑፍ መልእክትም የመጡትን ጥያቄዎች መልሰዋል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ፣ የባንክ ሠራተኛ)፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከጥቅምት ጀምሮ ቅንድቤ ሥር ያለው ቆዳ እየተላላጠ ነጭ ነጭ ነገር ይረግፋል። ጥቁር ኮት ስለምለብስ ደንበኛ ፊት ያሳፍረኛል። ደረቅ ቆዳ ነው ብዬ ጠዋትና ማታ የወይራ ዘይት እቀባለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደህና ይሆንና ይብስበታል።

መልስ፦ እንደምን ዋሉ። ዘይቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፣ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ቅንድብ በተፈጥሮው ደረቅ ቦታ አይደለም። እንደ ራስ ቆዳ፣ እንደ አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ እንደ ጆሮ ጀርባ ወዝ አመንጪ ዕጢዎች የሚበዙበት ነው። በሁላችንም ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የምትባል ፈንገስ ትኖራለች፤ ከማንም አልተጋባችብዎትም። የምትኖረው ወዙን እየበላች ነው። ወዙ ሲሰባበር የሚተርፈው ነገር የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ከልክ በላይ እየፈጠነ ይታደስና ገና ያልደረሰው ሽፋን ተጣብቆ ይረግፋል። እኛ ሴቦሪክ ደርማታይተስ እንለዋለን። በሰፈር ቋንቋ ፎረፎር ነው፣ ወደ ቅንድብ የወረደ ፎረፎር። ቋቁቻንም የምታመጣው ይህችው ፈንገስ ናት፤ በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። የወይራ ዘይት፣ ቅቤና አብዛኞቹ የአትክልት ዘይቶች ለእሷ ቀለብ ይሆናሉ። ለአንድ ሰዓት የተሻለዎት ቅርፊቱ ስለረጠበ ብቻ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ነገ ጠዋት ፊትዎን ሳይታጠቡ መስታወት ይዘው መስኮት አጠገብ ይቁሙ። ቅንድብዎን ከሥሩ በጣት ገለጥ አድርገው ይዩት። ቅርፊቱ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ቅባት ቅባት የሚል፣ በጥፍር ሲነካ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ከአፍንጫዎ ጎን ባለው እጥፋትና ከጆሮዎ ጀርባም ካለ፣ ራስዎም የሚፈረፈር ከሆነ፣ ይኸው እሱ ነው። እውነተኛ ድርቀት ግን ቅንድብን ለይቶ አይዝም። ከታጠቡ በኋላ ፊትዎ በሙሉ ውጥር ይላል፣ ቅልጥምዎም አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ የሚረግፈውም እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው። ኬቶኮናዞል 2% የሚባለውን ፈንገስ ማጥፊያ ሻምፖ ይግዙ። ፊትዎን በለብታ ውሃ አርጥበው ሻምፖውን መዳፍዎ ላይ አረፋ ያድርጉት፤ ዓይንዎን ጨፍነው አረፋውን ብቻ በጣት ጫፍ ቅንድብዎ ላይ ያሹት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይና ይታጠቡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ቀብቶ ወዲያው ያጥበውና «አልሠራልኝም» ብሎ ይመጣል። በሳምንት ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያድርጉት። ራስዎንም በዚያው ይታጠቡ፤ ራስን ትቶ ቅንድብን ብቻ ማከም ብዙ አያስኬድም። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ከተወጠረ ሽታ የሌለው ቀለል ያለ ሎሽን ወይም እጅግ ስስ ቫዝሊን ይበቃል። ቫዝሊን የማዕድን ቅባት ስለሆነ ፈንገሷ አትመገበውም።

ከተሻለዎት በኋላ ጨርሰው አይጣሉት። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይቀጥሉበት። ጠባዩ መመላለስ ነው፣ ያንን ከአሁኑ ይወቁት።

ጥያቄ (በጽሑፍ መልእክት)፦ በየዓመቱ በገና ጾም ነው የሚነሳብኝ። ቅባት ያለው ምግብ ስለማልበላ ይሆን?

መልስ፦ ጾሙን ነፃ እናውጣው። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል፤ ህዳርና ታህሳስ ደግሞ የአዲስ አበባ አየር እጅግ የሚደርቅበትና ሌሊቱ የሚበርድበት ጊዜ ነው። ይህ ችግር በዓለም ዙሪያ ሁሉ በብርድና በደረቅ ወራት ይብሳል። የእንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ያባብሱታል። ቅቤ መብላት መቆሙ ግን ቅንድብ አያስላጥም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሰላም ዶክተር። እኔም እንደዚሁ ጀምሮኝ ፋርማሲ ስጠይቅ ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጡኝ። በሁለት ቀን ጥርግ አደረገልኝ። ሳቆም ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ፤ እንደገና ቀባሁ፤ እንዲህ እያልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ቅንድቤና ዙሪያው ቀልቶ ያቃጥለኛል፣ ፀሐይ አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቱቦው አጠገብሽ አለ? ከስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን አንብቢልኝ።

አድማጭ፦ «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05%» ይላል።

መልስ፦ ጠርጥሬ ነበር። ይህ በቆዳ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። የተሠራው ለመዳፍ፣ ለእግር ጫማ፣ ለወፈረ ቆዳ ነው፤ ለዚያም ቢሆን በአንድ ዙር ከ2 ሳምንት አይታለፍም። ያንቺ ቅንድብ ደግሞ የሰውነታችን ስስ ቆዳ ከሆነው ከዓይን ቆብ ጋር ጎረቤት ነው። ስቴሮይድ መቅላቱንና ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያጠፋ ሰው ተአምር ያገኘ ይመስለዋል። ፈንገሷን ግን አይነካትም። ወር እያለፈ ሲሄድ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይወጣል፣ ብጉር የሚመስል ይፈላል፤ ሲቆም ደግሞ ቆዳው ለምዶታልና ያቃጥላል። ዓይን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት ከፍ ሊያደርግ፣ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን የምትሠሪው ይህ ነው። ሌላ ቱቦ እንዳትገዢ። ብቻሽን ለማቆም ከመታገል ይልቅ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ስታቆሚ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስብሽ ስለሚችል ስቴሮይድ ባልሆነ ቅባት፣ ለምሳሌ በታክሮሊመስ፣ ተደግፈሽ ትወጪያለሽ። የዓይን ግፊትሽንም ተለኪ፤ ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ቱቦውን እንዳትጥዪው፣ ይዘሽው ሂጂ።

ለሌሎች አድማጮች አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የተቀላቀሉባቸው ቅባቶች አሉ፤ ቤታሜታሶን፣ ክሎትሪማዞልና ጄንታሚሲን የሚል ታዩባቸዋላችሁ። ፈንገስ ማጥፊያ ስላለው ብቻ ለፊት ይሆናል ማለት አይደለም። አንዳንድ «ፊት ማጥሪያ» የሚባሉ ክሬሞችም ውስጣቸው ስቴሮይድ አለ፣ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ ጭምር። ቅንድብ በጣም ካሳከከና ከቀላ የሚፈቀደው ለስላሳው ሃይድሮኮርቲሶን 1% ነው፤ እሱም ስስ ተደርጎ፣ ከሳምንት ላልበለጠ ጊዜ። ፋርማሲስቶችን እየወቀስኩ አይደለም። ሰው ራሱ «ቶሎ የሚያጠፋውን ስጡኝ» እያለ ነው የሚገባው።

ጥያቄ (ከልደታ፣ እናት)፦ ዶክተር እንደምን አለህ ልጄ። የልጄ ልጅ ሁለት ወሯ ነው። ቅንድቧና አናቷ ላይ ቢጫ ቅርፊት ጋግሯል። እኔ ለጋ ቅቤ እንቀባት ስል እናቷ እምቢ አለች።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ዛሬ ከልጅዎ ጋር ልወግን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። በዚህ ዕድሜ የሚታየው ቅርፊት ከእናቷ የወረሰችው ሆርሞን የወዝ ዕጢዎቿን ስላነቃቃ የሚመጣ ነው። ቆሻሻ አይደለም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም፤ ሕፃኗን ብዙም አያሳክካት። አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላት በራሱ ይጠፋል። ሳትታጠብ ጥቂት ቀደም ብለው ስስ ቫዝሊን ይቀቡላት፣ ቅርፊቱ ሲለሰልስ በሕፃን ሻምፖ ይጠቡትና በለስላሳ ብሩሽ ወይም ጨርቅ ቀስ ብለው ያንሱት። በጥፍር አይላጥ፣ ይቆስላል። ውሃ ካወጣ፣ ከሸተተ፣ ወደ ብብትና ወደ ብሽሽት ከወረደ ወይም ሕፃኗ ጡት አልጠባም ካለች ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ለጋ ቅቤውን ለአራስ እናቷ ገንፎ ያድርጉት። ለሕፃኗ ግን በአፏም ቢሆን አይቅመስላት፤ ይህን ያልጠየቁኝን ጨመርኩ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ሰርግ ስለነበረብኝ ቅንድቤን ተቀንድቤ በጥቁር ሂና አስቀባሁ። በሁለተኛው ቀን ዓይኔ እስኪጨፈን አበጠ፣ ውሃ አወጣ፣ አሁን እየተላጠ ነው። ይህም ፎረፎር ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ይህ የቀለም አለርጂ ነው። ንጹህ ሂና ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር የሚያደርግ ነገር ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ኬሚካል ተጨምሮበታል፤ የፀጉር ማጥቆሪያ ውስጥ ያለው ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ማበጡ፣ ከፎረፎር ይልቅ አብዝቶ ማሳከኩ፣ ቀለሙ በነካው መጠን ልክ መውጣቱ የአለርጂ ምልክት ነው። አንዴ የያዘው ሰው በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ለፀጉርዎም ቢሆን ይህ ያለበትን ቀለም አይጠቀሙ፣ ለፀጉር ሠሪዎም ይንገሩ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ንጹህ ጨርቅ ያስቀምጡበት፣ ቫዝሊን ይቀቡት፣ እስኪድን ኩልም እርሳስም አይንካው። እንደገና ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

ቅንድብ የሚሠሩ እህቶች ካላችሁ፣ ቆዳው እየተላጠ ላለ ደንበኛ በክርም በወረንጦም አትሥሩ። «ትንሽ ነው፣ አያምም» ብላ ብትለምናችሁም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመጣ ቅጠሯት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ መላጡ ቆመልኝ፣ ነገር ግን ቅንድቤ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ቀረ። ዘመዶቼ ለምጽ ነው ብለው አስፈሩኝ።

መልስ፦ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ቀለሙ ለጊዜው ይደበዝዛል። ፎረፎሩ ከተያዘ ቀለሙ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለምጽ እንደ ኖራ የነጣ ነው፣ ጠርዙ የለየ ነው፣ አይላላጥም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የነጣውን ቦታ በጥጥ ጫፍ ይንኩትና የሚሰማዎት ከሌላው ፊትዎ ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። ስሜት ከሌለው፣ ወይም የቅንድብዎ ፀጉር ከዳር ጀምሮ እየሳሳ ከሆነ፣ ሥጋ ደዌ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይጨርሱታል፣ ቶሎ ታውቆ ከታከመም አካል ጉዳት አያስከትልም። ስሜቱ ደህና ሆኖ ፀጉሩ ብቻ ከዳር ከሳሳ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ያድርጉ።

ጥያቄ (በጽሑፍ መልእክት)፦ ሻምፖ ከማመላለስ ኬቶኮናዞል እንክብል ብውጥ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። እንክብሉ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል በፈረንጆቹ 2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አጠቃቀሙን በጥብቅ ገድቦታል፤ በአውሮፓም በዚያው ዓመት ከገበያ እንዲታገድ ተወስኗል። ለቅንድብ ተብሎ ጉበት አይከፈልም። ሻምፖው ካልበቃ በ2% ክሬሙ በቀን ሁለቴ እስከ 4 ሳምንት ይሞክሩ። ያም እምቢ ካለ፣ በተለይ በድንገት ጀምሮ ደረትና ጀርባ ድረስ ከሰፋ፣ ሐኪም ማየት ብቻ ሳይሆን የኤች አይ ቪ ምርመራም ያድርጉ። ፎረፎር ያለበት ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው የለበትም። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ግን ይህ በሽታ ከሚያይሉት አንዱ ነው።

ጥያቄ (በጽሑፍ መልእክት)፦ ሎሚና ጨው ይላሉ፣ እሬትም ይላሉ።

መልስ፦ ሎሚና ጨው በፍጹም። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል። እሬት ያቀዘቅዝ ይሆናል፣ ቢጫው መራራ ፈሳሹ ግን ያስቆጣልና ዓይን አጠገብ ባይደርስ ይመረጣል። የድኝ ሳሙና ለአንዳንዱ ይረዳል፣ ግን ያደርቃል።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ሻምፖው ዓይኔ ቢገባስ? ሽፋሽፍቴ ሥርም ይፈረፈራል።

መልስ፦ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ዓይንዎን ገልጠው ይጠቡ፤ ማቃጠሉ ከቆየ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለሽፋሽፍት ሥር ግን ሻምፖውን አይጠቀሙ። በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ጨምቀው፣ የማያቃጥል መሆኑን በክንድዎ አረጋግጠው፣ በተጨፈነ ዓይንዎ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡ። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ እየደጋገሙ ያሙቁት። ከዚያ ቅርፊቱን በረጠበ ጥጥ ከሽፋሽፍቱ ሥር ወደ ጎን ይጥረጉ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጥጥ። በቀን ሁለቴ ያድርጉት፤ በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላዩ ይታዩ።