መድኃኒቱ ጠባይ ሲቀይር

የተከበራችሁ ታማሚዎች፣ ቤተሰቦችና የሙያ ባልደረቦች፤

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲታዘዝ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ማዞርና ስለ ሽፍታ ይነገራል። የስሜት ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። በኋላ ረጋ ያለው ሰው በትንሽ በትልቁ ሲቆጣ ቤተሰቡ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል እንጂ መድኃኒቱን የሚጠረጥር አይገኝም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀኑ ነው። ለውጡ የታየው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከሆነ መድኃኒቱን እንጠርጥር። ሌቬቲራሴታም፣ በንግድ ስሙ ኬፕራ፣ ብስጭትና ቁጣ በማምጣት ይታወቃል። ብዙዎች ያለ ችግር ይወስዱታል፤ ቀድሞ ድብርት ወይም ጭንቀት የነበረበት ሰው ግን ይበልጥ ይጋለጣል። በዋናነት የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነም ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ የተለመደው መጠን ይከማቻል። ፔራምፓኔልም ቁጣ ያመጣል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ይብሳል። ፌኖባርቢታል አዋቂን ያደነዝዛል፣ ድብርት ውስጥም ሊከት ይችላል፤ ሕፃንን ግን ያቅበጠብጣል። ቶፒራሜት ድብርት ከማምጣቱ ሌላ ቃል ያስጠፋል፤ አዋቂ በ25 ሚሊግራም ጀምሮ በየሳምንቱ 25 ብቻ ቢጨምር ችግሩ ይቀላል።

በአንጻሩ ላሞትሪጂን፣ ቫልፕሮዬትና ካርባማዜፒን ስሜት ያረጋጋሉ። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ ወጥቶ ሌላ ሲተካ የሚመጣ ድብርት አዲሱ ያመጣው ሳይሆን የቀድሞው በመቅረቱ የተገለጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪምም ይዘነጋዋል።

ሕመሙ ራሱም ስሜት ይነካል። ከመነሳቱ ሰዓታት ወይም ቀን ቀደም ብሎ መነጫነጭ፣ ከተነሳ በኋላ ለቀናት መከፋት የተለመደ ነው። ለመለየት የሚያስችለው ማስታወሻ ነው፦ ሕመሙ የተነሳበት ቀን፣ መድኃኒቱ የተለወጠበት ቀንና መጠን፣ የዕለቱ ስሜት ከ0 እስከ 10። አብሮ የሚኖር ሰውም ለብቻው ይመዝግብ፤ የሚቆጣ ሰው የራሱ ቁጣ ሁልጊዜ አይታየውም።

ማስታወሻውን ያየ ሐኪም መጠን ሊቀንስ ወይም መድኃኒት ሊቀይር ይችላል። ቅያሬው ጊዜ ይወስዳል። ላሞትሪጂን ለአዋቂ በቀን 25 ሚሊግራም ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 50 ለሁለት ሳምንት እየተባለ ነው የሚጨመረው፤ ከቫልፕሮዬት ጋር ከሆነ በግማሹ። መቸኮል ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። ተማርሮ መድኃኒቱን በራስ ማቆም ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ያለማቋረጥ የሚያንፈራግጥና ሕይወት የሚያጠፋ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ድብርቱ ራሱን የቻለ ከሆነ ይታከማል። «የድብርት መድኃኒት ሕመሙን ይቀሰቅሳል» የሚለው ስጋት ተጋንኗል፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉት በተለመደው መጠን በአብዛኛው አያስፈሩም። ቡፕሮፒዮን ግን ይቅር።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ11 የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ላይ የተደረጉ 199 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት መድኃኒቱን ከወሰዱት 1,000 ሰዎች በ4 ገደማ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን በ2 ገደማ ታይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መድኃኒት ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ለመጠየቅ ግን ይበቃል። «መሞት ያምርሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። መድኃኒቱን ሌላ ሰው ይያዝለትና የዕለቱን ብቻ ቆጥሮ ይስጠው፤ ሐኪሙ እስኪወስን ግን አይቋረጥ።