ባልሽ ካልተገኘ ማን ይጠራ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማወራው ልጄ ማሙሽ ከጎን ያለው ክፍል ተኝቶ ስለሆነ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ የልጁ እንቅልፍ ደግሞ ከግድግዳውም ይብሳል። ድንገት ካቋረጥኩ ምክንያቱ እሱ ነው።

አዲስ ለምትሰሙኝ፣ ያለሁት ደቡብ ኮሪያ ነው። ከተማው ፒዮንግቴክ ይባላል፣ ከሴኡል በስተደቡብ ነው። ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ሳጅን ነው፣ የሚሠራውም ካምፕ ሃምፍሪስ። ከአሜሪካ ውጭ ካሉት የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ትልቁ ነው። ቨርጂኒያ ነበርን፣ ኦርደር፣ የዝውውር ትእዛዝ ማለት ነው፣ መጣ፣ ዕቃ ታሸገ፣ መጣን። የወታደር ቤት ታሪክ ሁሌም እንዲህ አጭር ነው።

ሁልጊዜ የሚያስቀኝን ነገር ልንገራችሁ። ኮሪያ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲደመር 12 ይመጣል። ስለዚህ የእኔ የግድግዳ ሰዓትና እናቴ ሳሎን ያለው ሰዓት ቁጥራቸው አንድ ነው! እናቴ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደውዪ» ስትለኝ፣ እኔ ጋ ከሰዓት በኋላ ሦስት ይላል። እዚህ በጋ መጣ ክረምት ገባ ብለው ሰዓት አያዟዙሩም፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚሁ ነው። ቨርጂኒያ እያለሁ ለመደወል ጣቴን ነበር የምቆጥረው።

እናቴ ግን ሰዓቱ አንድ ሲሆን ቤቱም የተቀራረበ ሳይመስላት አይቀርም። «ለልጁ አጥሚት ሠርቼ ነበር» ትላለች። ነይና ውሰጂ ለማለት ትንሽ ነው የሚቀራት።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ አንድ ቅጽ ነው። እንደመጣን ማሙሽን ቤዙ፣ ማለትም የጦር ሰፈሩ ውስጥ ያለው የሕፃናት መዋያ ላስመዘግብ ሄድኩ። ተራው ረጅም ነው፣ እሱን እንኳ ተዉት። ቅጽ ሰጡኝ። ስም፣ የልደት ቀን፣ ክትባት፣ የማይስማማው ምግብ። ሞላሁ። ከዚያ አንድ መስመር መጣ፦ አባትና እናት ካልተገኙ መጥቶ ልጁን የሚወስድ፣ እዚሁ አካባቢ የሚኖር ሰው። ስምና ስልክ።

ብዕሩን ይዤ ቀረሁ። አዲስ አበባ ቢሆን እኮ መስመሩ አይበቃኝም። አክስቶቼ፣ የእናቴ ቡና አጣጮች፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ጋሼ ሳይቀሩ ይጻፋሉ። ቨርጂኒያም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ሰው አይጠፋም። እዚህ ግን ከባለቤቴ ሌላ በስሙ የማውቀው ሰው የለም። ስልኬን ከፍቼ ስሞቹን ወደ ታች ሳገላብጥ፣ ሕፃን ደረቷ ላይ ያሰረች አንዲት አሜሪካዊት አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ገባት። «የእኔን ጻፊ» አለችኝ። መጀመሪያ ስሟን መጠየቅ ነበረብኝ። ጻፍኩ። እሷም ቀበል አድርጋ «እኔስ ያንቺን ልጻፍ?» አለች። የእሷም መስመር ባዶ ነበር ለካ።

ሠራዊቱ ብዙ ነገር ይሰጣል። እውነቱን መናገር ጥሩ ነው፣ ቤት አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ዕቃሽን አሽጎ ባሕር አሻግሮ የሚያመጣልሽ አለ፣ ኮሚሳሪ የሚባለው የቤዙ ሱቅ ገብተሽ ቨርጂኒያ የለመድሽውን ወተት ታገኛለሽ። ሰው ግን አይሰጥም። ሰውን ራስሽ ነሽ የምትፈልጊው። ያገኘሻትም አትቆይም። እህል ውሃዋ ያልቅና፣ ኦርደር ይመጣላትና፣ መጋረጃዋን ለአንቺ ሰጥታሽ ትሄዳለች። የቤቴ መጋረጃ በሙሉ ከሄዱ ሰዎች የተረፈ ነው፣ አንዱም ከአንዱ አይገጥምም።

ስለዚህ እኔ ያደግኩበት የመግባባት ፍጥነት እዚህ አይሠራም። እኛ ጋ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ለቅሶ መድረስ፣ ስንት ነገር አልፎ ነው «ልጁን ለአንድ ሰዓት ያዢልኝ» የሚባለው። እዚህ ያ ሁሉ ጊዜ የለም። ልጅሽ ሌሊት ትኩሳት ያዘው፣ ባልሽ ፊልድ፣ ልምምድ ላይ ነው፣ መኪናውን እየነዳሽ ከኋላ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል አትችዪም፣ በር ታንኳኪያለሽ። በፒጃማ። ይሉኝታ የሚያምርበት ዘመድ በቅርብ ያለው ሰው ነው። እኔ ትቼዋለሁ፣ አሁን ሰውም እኔን በሌሊት ቢያንኳኳ ደስ ይለኛል።

ወደ መኖሪያችን ልምጣ። የምንኖረው ከቤዙ ውጭ፣ ኮሪያውያን ያሉበት ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ክረምት ላይ ማሙሽ መሬት ላይ እንደ ድመት ተዘርግቶ ይተኛል። ችግሩ ሲነቃ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ልጅ መራመድ አያውቅም፣ መሮጥ ነው የሚያውቀው። እዚህ ሀገር ደግሞ የላይኛው ፎቅ ኮቴ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል። ልጅ ያለው ሁሉ ወለሉን በወፍራም ምንጣፍ ይሸፍናል። እኛም ሸፍነናል። ምንጣፍ በሌለበት እየመረጠ ይሮጣል እንጂ።

የሚሮጠውም ወደ በሩ ነው። አሳንሰሩ ሲደርስ ቲንግ ይላል። ያንን ከሰማ ያለው ነገር ሁሉ ይቀራል፣ «አባዬ!» ብሎ በሩ ላይ ነው። በመጋቢትና በነሐሴ ትልልቅ የጦር ልምምዶች አሉ፣ ከኮሪያ ጦር ጋር የሚደረጉ። የመጋቢቱን ፍሪደም ሺልድ ይሉታል። ያኔ ባለቤቴ ይወጣል፣ መቼ ትመለሳለህ አይባልም። አሳንሰሩ ግን ቲንግ ማለቱን አይተውም። ልጁም ይሮጣል። በሩን እከፍታለሁ፣ ከፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት ናቸው። የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ማሙሽ መጀመሪያ አካባቢ ያያቸውና ከንፈሩን ይጥላል። እሳቸው ግን የዋዛ አይደሉም። ከጋሪው መንደሪን ያወጣሉ፣ ልጣጩን ሳይበጥሱ እንደ አበባ ከፍተው መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። አንዱን ፍሬ ለራሳቸው ያነሳሉ፣ «ለእኔስ?» እንደማለት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። እስኪያጎርሳቸው ድረስ አይሄዱም።

አሁን ቲንግ ሲል «ሃልሞኒ!» ይላል። አያት ማለት ነው በኮሪያኛ። ባለቤቴ ከልምምድ ሲመለስ በሩ ላይ ሆኖ ይህን ሰማ። ሻንጣውን አስቀምጦ፣ «ቦታዬን ተቀማሁ ማለት ነው» አለ። ሳቅን። ትንሽ ከፍቶት እንደነበር ግን አይቻለሁ።

እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን ማሙሽን በነጠላ አዝዬው አዩኝ። የሳቁትን ሳቅ ብታዩ! ቤት ገብተው ጥጥ የተሞላ፣ ማሰሪያው ረጅም የሆነ ጨርቅ ይዘው መጡ። ፖዴጊ ይሉታል። የኮሪያ አንቀልባ በሉት። ልጆቻቸውን ያዘሉበት ነው። በእጅ በምልክት አዞሩኝ፣ ልጁን ጀርባዬ ላይ አስተካክለው አሰሩት፣ ከዚያ እግሩን ነካ ነካ አድርገው ተቆጡኝ። ካልሲ የለውም! ቋንቋቸውን አልሰማም፣ ግን ቁጣውን ከእናቴ ለይቼ አላውቀውም። ንፋስ መታው ነው የሚሉት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

በር ላይ አንድ ሻንጣ አለኝ። ይህንን ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ኮሪያ ያለ የአሜሪካ ወታደር ቤተሰብ አንድ ነገር ቢፈጠር ከሀገር ለመውጣት ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ትመዘገቢያለሽ፣ ልምምድ አለ፣ ልጅሽን ይዘሽ ተሰልፈሽ ወረቀትሽን ታሳያለሽ። ሻንጣው ውስጥ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የሚበላ ነገር ይኖራል። የትልቅ ሰው ሻንጣ አንዴ ከታሰረ ታስሯል። የልጅ ግን አይደለም። ዳይፐሩ ጠበበ፣ ጫማው ጠበበ፣ የወተቱ ቀን አለፈ። ልጄ ማደጉን የማየው ከፎቶ ይልቅ ያንን ሻንጣ ስፈታ ነው።

በሶም አለበት። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ በጥብጠሽ ትሰጪዋለሽ። የድሮ ወታደር ስንቅ አይደል? ባለቤቴ ሠራዊቱ ከሚሰጣቸው የታሸገ ምግብ ይሻላል ይላል። እናቴ «በሶ ይህን ያህል ለምን ፈለግሽ?» ብላ ጠይቃኛለች። «ማሙሽ ይወደዋል» አልኳት። ይወደዋልም።

አትፈሪም ወይ ላላችሁኝ፣ ፒዮንግቴክ ወጥታችሁ ሰዉን እዩት። ሰሜን ኮሪያ ሚሳኤል ሞከረች ሲባል ካፌ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በነገራችን ላይ የካፌው ሰሌዳ ላይ ይርጋጨፌ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ጉጂም አይጠፋም። ወጣቶቹ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው «ቡና!» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሱት።

ለዚህ ነው ቹንቾን የሚባለው ከተማ የሄድነው። ቃኘው ሻለቃን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ወታደሮች ፑሳን ወደብ ደረሱ፣ አብዛኞቹ የክቡር ዘበኛ ልጆች ነበሩ። ተራ በተራ ከመጡት ከ6,000 በላይ ሰዎች ውስጥ ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚሁ ተሠውተዋል። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ቹንቾን ውስጥ ሐውልታቸው አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. መጥተው ነው የመረቁት። አጠገቡ የተሠራው መታሰቢያ ቤት ጣራው እንደ ጎጆ የሾለ ነው። ማሙሽ ጣራውን እያየ «ቤት፣ ቤት» አለ፣ ከዚያ ርግብ ለማባረር ሮጠ። ለእሱ የታሪክ ጉብኝት እዚያ ላይ አበቃ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ወታደሮች ዶንግዱቾን የሚባል ከተማ ውስጥ ጦርነቱ ወላጅ አልባ ላደረጋቸው ኮሪያውያን ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። ከደመወዛቸው እያዋጡ። እስቲ አስቡት፣ የገዛ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። እዚህ የሰው ልጅ ያጎርሳሉ። እዚያ የእነሱን ልጅ ማን ያጎርስ ነበር? የሟቾቹ ገድል በሐውልት ይዘከራል። ሚስቶቻቸው ግን ገበያ ሲወጡ ልጁን ለማን ጥለው እንደወጡ ሐውልት አይናገርም። ደብዳቤ በመርከብ በሚሄድበት ዘመን! እኔ ባለቤቴ ለሁለት ቀን ስልክ ካላነሳ ቤቱን እያተራመስኩ ነው።

ለማንኛውም፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ባሏ ወደ ኮሪያ ኦርደር መጥቶለታል። ልጇ ገና አንድ ዓመቷ ነው። ቤተሰብ ይዞ ለመምጣት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፣ ብቻውንም መምጣት ይችላል። እናቷ «ልጅሽን ይዘሽ እዚሁ ከእኔ ጋር ሁኚ» ብለዋታል። ምን ላድርግ ነው የምትለው።

እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። እዚያ የሚያግዝሽ ሰው አለ፣ እዚህ ግን ከዜሮ ነው የምትጀምሪው። ሰው ቀርቦ ማናገር የሚከብድሽ ከሆነ፣ እርዳታ መጠየቅ እንደ ውርደት የሚሰማሽ ከሆነ፣ ቅሪ። ያንን ይዘሽ መጥተሽ አፓርታማ ውስጥ ከተዘጋሽ ትታመሚያለሽ። አይቻለሁ። ልጅሽ አባቷን እንድታውቀው ብለሽ ከሆነ ግን ነይ። በልምምድ ወራት ባይኖርም በሌሎቹ አለ፣ የማታ ገላዋን ያጥባታል። በስልክ ገላ አይታጠብም።

ፈቃዱን ሳታገኚ ትኬት አትቁረጪ። ቨርጂኒያ የምትጋግሪበትን ምጣድ እዚያው ሽጪው፣ 110 ቮልት ነው፣ እዚህ ከቤዝ ውጭ ያለው መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር እገዛለሁ ካልሽ ክብደቱን አንድ ቀን ተሸክመሽ ሞክሪው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ምጣድ ግን ቮልቴጁ ይገጥማል፣ ዘመድ ካለሽ አስመጪ። ሽሮና በርበሬ በመርከብ ከሚመጣው ዕቃ ጋር አታሽጊ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በእጅሽ ያዢ። ቋንጣውን ግን እርሺው። ኤርፖርት ላይ ሥጋ ነክ ነገር ይወስዱብሻል፣ ቅጣትም አለው። ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ፣ ስትደርሺ ደግሞ ስልኬን ውሰጂ፣ ለቅጹ ያስፈልግሻል።