መሳብ ወይስ መግፋት? የጎልፍ ምት ጉልበት ከየት ይመጣል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! እንደምን ናችሁ?

እውነቱን እንነጋገር። ግማሾቻችሁ የመጣችሁት ኳስ አርቆ የመምታት ምስጢር ፍለጋ ነው። የቀራችሁት ደግሞ ከጓደኛችሁ ጋር የጀመራችሁት ክርክር አልቋጭ ብሏችሁ ነው። ክርክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዱ «ዱላውን በግራ እጅህ ሳበው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ተው፣ በቀኝህ ግፋው እንጂ» ይላል፣ ሁለቱም ደግሞ የሚጠሩት ትልቅ ተጫዋች አያጡም።

የኔን አቋም ቀድሜ ልንገራችሁና ካልተስማማችሁ በኋላ ትሞግቱኛላችሁ። እጅ ይስባል፣ እግር ይገፋል። የቀኝ እጅ ግፊትም አለ፣ ግን ተራውን ይጠብቃል። አብዛኛው ጣጣችን የሚመጣው ተራውን ሳይጠብቅ ሲቀር ነው።

ለነገሩ እንዲቀለኝ በቀኝ በኩል ቆሞ፣ ማለትም ግራ ጎኑን ወደ ዒላማው አድርጎ፣ እንደሚመታ ሰው ነው የማወራው። ግራኞች ይቅርታ፣ ገልብጣችሁ ስሙኝ። መቼም ለምዳችሁታል።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እንየው። የጎልፍ ኳስ በሕጉ ከ45.93 ግራም መብለጥ የለበትም። ለረጅም ምት የምንይዘው ዱላ፣ የድራይቨር፣ ጭንቅላት ወደ 200 ግራም ይመዝናል። ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሱ ጋ እስኪደርስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከኳሱ ጋር የሚነካካው ደግሞ ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት «አሁን ልግፋ» ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ ሐሳቡ አእምሯችሁ ውስጥ ሳያልቅ ኳሱ ሄዷል። ስለዚህ ኳሱን በመግፋት አናርቀውም። የሚያርቀው የዱላው ጭንቅላት ይዞት የመጣው ፍጥነት ነው።

ታዲያ ፍጥነቱ እንዴት ይመጣል? በትልልቆቹ የወንዶች ውድድሮች ላይ የሚጫወቱ ሰዎች ድራይቨር በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋሉ። ያ ጭንቅላት በዚያ ፍጥነት ሲዞር ቀጥ ብሎ መብረር ነው የሚፈልገው፣ በክብ መንገዱ ላይ የሚያቆየው እጃችሁ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር አንጠልጥሎ ከመያዝ ጋር ይቀራረባል። ይህን ኃይል ማንም በመግፋት አይሸከመውም። የሚሸከመው እጀታውን ወደ ራሱ በመሳብ ነው። እና «እኔ ገፊ ነኝ» የሚለው ጓደኛችሁም ታች ሲደርስ ይስባል፣ ወደደም ጠላም።

ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ጅራፍ ጫፉ የሚጮኸው እጅ ጫፉን ተከትሎ ስለሮጠ አይደለም። እጅ ቀድሞ ይፈጥንና መለስ ይላል፣ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ወደ ጫፉ ይሸሻል። ጥሩ ተጫዋች ላይም ተራው እንዲሁ ነው፤ ዳሌው ቀድሞ ይፈጥናል፣ ከዚያ ደረቱ፣ ከዚያ ክንዱ፣ መጨረሻ ላይ ዱላው። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው አስረክቦ ይቀዘቅዛል። (ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ደግሞ ዱላውን ወርውሮ ዱላውን ለሚረግም ተጫዋች ሳይሆን አይቀርም።)

አሁን ወደ ቀኝ እጅ እንምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ዱላው ከላይ ሆኖ የእጅ አንጓችሁ ታጥፏል። ያ እጥፋት የጉልበት ማከማቻችሁ ነው። ኳሱን ሲያዩ የሚያስጎመጃቸው ሰዎች ገና ከላይ ሳሉ በቀኝ እጃቸው ይገፋሉ፣ ትከሻቸውም አብሮ ወደ ፊት ይወጣል። እጥፋቱ ገና በግማሽ መንገድ ይፈታል። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ኳሱ መጀመሪያ ወደ ግራ ይወጣና ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ስላይስ የምንለው እሱ ነው። የሚገርመው ሰውየው ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቷል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ኳሱ ግን አጠገቡ ነው።

ለዚህ ሰው «በግራህ ሳብ» ማለት መድኃኒት ነው። እጀታውን ወደ ታች ሲስብ እጥፋቱ ሳይፈታ ይቆያል፣ ዱላውም በራሱ ጊዜ ይወረወራል። መድኃኒት ግን ሲበዛ ይመርዛል። እጀታውን እየጎተተ፣ እየጎተተ ኳሱን አልፎ የሚሄድ ሰውም አለ። የዱላው ፊት ወደ ዒላማው ዞሮ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይሰደዳል፣ ዝቅ ብሎም ይሄዳል። የግራ ክርናቸውን የሚያማቸው ሰዎችም እዚህ መስመር ላይ አይጠፉም። እንዲህ ላለው ሰው ደግሜ «ሳብ» ብለው በደል ነው። «ከወገብህ በታች ስትደርስ በቀኝህ ምታው» ነው የምለው።

ምክሮቹ የሚጋጩት ለዚህ ይመስለኛል። ሁሉም የሚመክረው ራሱን የፈወሰውን ነው። ሩብ ሰከንድ ውስጥ የሚሰማን ስሜትና ሰውነታችን የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፣ ስለዚህ አንዱ «ሳብኩ» ያለውን ቪዲዮው «ገፋህ» ሊለው ይችላል።

ታላቁን አሜሪካዊ ተጫዋች ቤን ሆጋንን ያላነሳ የጎልፍ ክርክር የለም፣ እኔም ላንሳው። ገፊዎቹ በጣም ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ትምህርቱ ላይ ለጉልበት ሦስት ቀኝ እጅ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር የሚል ሐሳብ ጽፏል። ይህችን ይጠቅሱና ዝም ይላሉ። ያው ሆጋን እዚያው ትምህርቱ ላይ ዱላው መውረድ የሚጀምረው በዳሌ ነው ይላል፤ ክንዶች ወርደው ከወገብ ትንሽ ከፍ እስኪሉ ድረስ እጆች በራሳቸው ምንም አይሠሩም ይላል። እንግዲህ ሦስቱም ቀኝ እጆች ወረፋ ይጠብቃሉ ማለት ነው!

ሳቢዎቹ ደግሞ ሁለቱን አሜሪካውያን ተጫዋቾች፣ ጆርዳን ስፒትንና ፊል ሚክልሰንን ይጠራሉ። ስፒት ግራኝ ሆኖ በቀኝ በኩል ይጫወታል። ሚክልሰን በሌላው ነገር ሁሉ ቀኙን የሚጠቀም ሰው ነው፣ ጎልፍ ላይ ግን በግራ በኩል ነው የሚቆመው። ሁለቱም ጠንካራ እጃቸው ከፊት ነው፣ የሚስበው እጅ ማለት ነው፣ ሁለቱም ትልልቅ ዋንጫዎችን ወስደዋል። ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። ግን ከነሱ ሌላ ያሉትን ሻምፒዮኖች ቁጠሩ፤ አብዛኞቹ ጠንካራ እጃቸው ከኋላ ነው። ስለዚህ ይህም አያስኬድም።

እኔ ብዙ ጊዜ የሚቆጨኝ ስለ እጅ ስንጨቃጨቅ እግር መረሳቱ ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች ጀስቲን ቶማስ ድራይቨር ሲመታ በቀስታ በተቀረጸ ምስል እዩት፤ ኳሱን ሲነካ ሁለቱም ተረከዞቹ ከመሬት ተነስተዋል። ሰውየው ትልቅ አካል የለውም። ዱላው እየወረደ ሳለ መሬቱን በእግሩ ወደ ታች ይገፋል፣ መሬቱም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የግራ ጎኑ ሲነሳ እጀታው ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይሳባል። ሚዩራ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ዱላው ኳሱ ጋ ሲቃረብ እጀታውን ወደ ውስጥ መሳብ የጭንቅላቱን ፍጥነት ይጨምራል። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ከታች የገፋው እግር ነው ከላይ የሳበው። ሁለቱን ምን አጣላቸው?

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዘሎ መነሳት ብቻውን ምንም አያመጣም። መጀመሪያ ክብደታችሁ ወደ ግራ እግር ይሂድ፣ ከዚያ ግፉ። ከቀኝ እግር ላይ ሆኖ የሚዘል ሰው የኳሱን አናት ነው የሚመታው።

ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምናንከባልልበት ዱላ፣ ፓተር፣ እና አጫጭር ምቶች ላይ ይህን ሁሉ እርሱት፣ እዚያ ጉልበት አይደለም የሚፈለገው።

አሁን ወደ ሜዳ ስንወጣ የምንሞክረውን ልንገራችሁ። ድራይቨራችሁን ገልብጡትና ከጭንቅላቱ በኩል ዘንጉን ያዙ። ያለ ኳስ ወዝውዙት፣ ድምፁንም ስሙ። «ውሽሽ» የሚለው ቀኝ ትከሻችሁ አካባቢ ከሆነ ቀድማችሁ እየገፋችሁ ነው፤ ለእናንተ ለተወሰነ ጊዜ በግራ እጅ ብቻ ቀስ ብሎ መወዝወዝ ይሻላል። ድምፁ ኳሱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይና ትንሽ አለፍ ብሎ ከተሰማ ተራው ደህና ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው እየጎተታችሁት ነው። ያን ጊዜ በቀኝ እጃችሁ ኳስ ይዛችሁ ከወገብ በታች ወደ ጎን ወርውሩ፤ ስትወረውሩ እግራችሁ ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ክርናችሁ እንደሚከተል፣ ጣታችሁ መጨረሻ ላይ እንደሚለቅ አስተውሉ። ያን ካገኛችሁ በኋላ ዱላውን ያዙና ያንኑ ድገሙት። በሙሉ ጉልበት ግን አይደለም፣ በግማሽ ጀምሩ፤ ክርኑን ወይም ወገቡን የሚያመው ካለ ደግሞ ዛሬ ተመልካች ይሁን።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እየሄድን ጠይቁኝ፣ ጓንታችሁን እንዳትረሱ።