የአሮጌ ደጋን እንጨት በምን ይለያል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በእኛ በጎጃም ደጋን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን ነው፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን በውጭ አገር ለቀስት ውርወራ የተሠሩ አሮጌ ደጋኖች ከምን እንጨት እንደተሠሩ መለየት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ቀለምን አትመኑ ነው። በአሜሪካ የሚበቅለው ኦሴጅ ኦሬንጅ አዲስ ሲጠረብ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ብርሃን ሲነካው እየጠቆረ ቡናማ ይሆናል፤ ቫርኒሽ ሲጨመርበትማ በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሰው ከማንኛውም ጥቁር እንጨት ጋር ሊያምታታው ይችላል።

የሚታመነው የእንጨቱ ውስጣዊ አሠራር ነው። የጥድና የዋንዛ ቁራጭ ጫፋቸውን በስለታም ምላጭ አጥርታችሁ በማጉሊያ መነጽር ብታዩ፣ ዋንዛው ላይ ውኃ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች እንደ ቀዳዳ ሲታዩ፣ ጥዱ ላይ አንድም አይገኝም። የጥንት እንግሊዛውያን ደጋን የሚሠሩበት ዩው የተባለው ዛፍም በዚህ ረገድ ከጥድ ወገን ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳ ያለው እንጨት፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል፣ ዩው ሊሆን አይችልም። ሂከሪና ኦሴጅ ኦሬንጅ ትልልቅ ቀዳዳዎቻቸው በየዓመቱ የዕድገት ቀለበት መነሻ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከኩባ ይመጣ የነበረው ሌመንዉድ ግን ቀዳዳዎቹ እጅግ ስለሚደቁ ያለ ማጉሊያ አይለዩም። የደጋኑ ጫፍ በቀንድ ተሸፍኖ ከሆነ ጎኑን ተመልከቱ፤ ትልልቆቹ ቧንቧዎች በዚያ በኩል እንደ ቀጫጭን ጭረት ይታያሉ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1545 ሰጥሞ በ1982 ከባሕር በወጣው ሜሪ ሮዝ በተባለው የእንግሊዝ መርከብ ውስጥ የተገኙት ደጋኖች ከዩው የተሠሩ ናቸው። ጠራቢዎቹ ነጣ ያለውን የውጭ እንጨት በጀርባው በኩል (ከወርዋሪው ፊት ተቃራኒ በሆነው ጎን) የሚተዉት መለጠጥን ስለሚችል ሲሆን፣ ቀላ ያለው የመሐል እንጨት ደግሞ ወደ ወርዋሪው በሚዞረው በሆዱ በኩል መጨመቅን ይቋቋማል። ይሁንና ባለሁለት ቀለም ደጋን ሁሉ ዩው አይደለም፤ በኋለኛው ዘመን የሂከሪ ስስ ንጣፍ በሌላ እንጨት ጀርባ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፍ ነበር። ይህን የምለየው ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መስመር በመከተል ነው፦ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ካለ የተለጠፈ ነው፣ የእንጨቱን ጉብታና ጉድጓድ ተከትሎ ከፍ ዝቅ ካለ ደግሞ አብሮት የበቀለ ነው።