ኅዳር 14 የማን ቀን ነው?

የተከበራችሁ የቀድሞ የአየር መንገድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ባለፈው ኅዳር በአውሮፕላን ጠላፊው በዲ ቢ ኩፐር ወዳጆች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለመገኘቴ እንድናገር አዘጋጅ ኮሚቴው ሲጋብዘኝ፣ የጠበቀው ከእራት በፊት ዘና የሚያደርግ ወግ እንደነበር አውቃለሁ። ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ ዘና የሚያደርገውን በአጭሩ ጨርሼ ወደመጣሁበት ጉዳይ እገባለሁ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1971 ራሱን ዳን ኩፐር ያለ፣ በኋላ ዲ ቢ ኩፐር የተባለ ሰው ከፖርትላንድ ወደ ሲያትል በሚበር የኖርዝዌስት ኦሪየንት አየር መንገድ ቦይንግ 727 ተሳፈረ፤ ቦምብ ይዣለሁ ብሎ 200,000 ዶላርና አራት ፓራሹት ተቀበለ፤ መንገደኞቹን ሲያትል ላይ ከለቀቀ በኋላ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ እንዲበሩ አዝዞ፣ በመንገድ ላይ በጅራቱ ደረጃ በኩል ወደ ጨለማው ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ካገኘው 5,800 ዶላር በቀር ገንዘቡም ሰውየውም አልተገኙም፤ ኤፍ ቢ አይም እ.ኤ.አ. በ2016 ምርመራውን አቁሟል።

ጉባኤተኞቹን መበደል አልፈልግም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ትቶት በሄደው ጥቁር ክራባት ላይ ስለተገኙ የታይታኒየም ብናኞች የሰማሁት ማብራሪያ ትጋት የተሞላበት ነበር፤ ስለዚያች ሌሊት ነፋስና ስለ ፍላፑ (የክንፉ ተንቀሳቃሽ መታጠፊያ) 15 ዲግሪ ሲከራከሩ ብታዩ፣ ከእኛ የሥልጠና ክፍል የወጡ ይመስሏችኋል። ያልታወቀን ለማወቅ መትጋት ነውር የለውም። ወደ መተላለፊያው ስወጣ ግን ጥቁር መነጽርና ጥቁር ክራባት ያደረጉ ጎልማሶች፣ የኩፐርን መጠጥ ቦርቦን በሶዳ ይዘው፣ «ለኩፐር!» እያሉ ብርጭቆ ያጋጫሉ። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የታሰሩ የውሸት ባለ 20 ዶላር ኖቶች ለማስታወሻ ይሸጣሉ። ሆዴን ያኔ ቆረጠኝ።

አሁን ወደ ካቢኑ እንግባ። ሰውየው ወረቀት ሲሰጣት አስተናጋጇ ፍሎረንስ ሻፍነር ስልክ ቁጥሩ መስሏት ሳታነበው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እህቶቼ ስትስቁ ይታየኛል፤ እንዲህ ያለ ስንት ወረቀት ከተናል! ጠጋ ብሎ ወረቀቱን እንድታየውና ቦምብ እንደያዘ ነገራት፤ ሻንጣውንም ገለጥ አድርጎ ቀያይ ሲሊንደሮችና ሽቦዎች አሳያት። ከዚያ በኋላ አጠገቡ የተቀመጠችው ሌላዋ አስተናጋጅ፣ የ22 ዓመቷ ቲና ማክሎው ናት። ገንዘቡ እስኪዘጋጅ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ያህል አየር ላይ ሲዞር፣ መንገደኞቹም አነስተኛ የቴክኒክ ችግር እንደገጠመ ተነግሯቸው ሲጠብቁ፣ እርሷ ሲጋራውን እየለኮሰችለት ቃሉን በኢንተርፎን ለአብራሪዎቹ ታስተላልፍ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ፊት ላይ ምንም እንዳይነበብ ማድረግ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለእናንተ አልነግርም። ሲያትል ሲያርፉ ወርዳ የገንዘቡን ከረጢት ያመጣችውም እርሷ ናት። ወርዳለች እኮ! መሬት ረግጣለች! ከዚያ ቦምብ ወዳለበት አውሮፕላን በገዛ እግሯ ተመለሰች፤ መንገደኞቹ የተለቀቁት ከዚህ በኋላ ነው። ሌሎቹ ሁለት አስተናጋጆች ሲወርዱ እርሷ ከሦስቱ የኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ሠራተኞች ጋር ቀርታ፣ ሰውየው ወደ ኮክፒት ሂጂ እስኪላት ድረስ ብቻዋን አብራው ቆየች።

ስለዚህች ሴት በጉባኤው ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ምን ይመስላችኋል? ኤፍ ቢ አይ ባሠራው ሥዕል ላይ ያለው የሰውየው መልክ ትክክል ነው ብላ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው ያብራሩልኝ። ሥራዋን የሠራችው ሴት የጀግናቸው የመልክ ምስክር ብቻ ሆና ቀረች!

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት። ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም. ይሆናል። የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961ስ ቀን? ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። በትክክል 25 ዓመት ልዩነት፣ ያው ቀን። ሦስት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሳውን ቦይንግ 767 ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸው፣ በመንገደኞች መጽሔት ላይ የታተመውን የአውሮፕላኑን ከፍተኛ የበረራ ሰዓት እያሳዩ አላምን አሉት። ነዳጁ አለቀ። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ የ77ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚንም አንዱ ነበር። ሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ከውስጥ ሳሉ የነፉት፣ ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው እየተገፉ መውጫ አጡ። በየበረራው ቆመን «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉት» የምንለው እኛ ነበርን! ታዲያ በዚያው ቀን ለጠላፊ ብርጭቆ ሲነሳ ዝም በሉ ትሉኛላችሁ? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ሌላ ምንድን ነው?

«ኩፐር ግን ማንንም አልጎዳም» ይሉኛል። ያልፈነዳ ቦምብ ደግነት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ሪቻርድ ማኮይ የተባለውን ጠላፊ ጨምሮ ተከታዮቹ በየአቅጣጫው በፓራሹት መዝለል የጀመሩት እርሱን አይተው ነው።  

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከሚቀጥለው ጉባኤ መርሐ ግብር ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለተጠለፉ አውሮፕላኖች ሠራተኞች እንዲሰጥ፣ ተናጋሪዎቹም ከመካከላችን እንዲሆኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመውጫው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስማችሁን፣ የሠራችሁበትን የሥራ መደብና ያገለገላችሁበትን ዘመን ጻፉበት፤ አንብባችሁ የምታርሙት ካለም ከእራት በኋላ እስከ መጨረሻው እቆያለሁ። አመሰግናለሁ።